የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፌስቡክ ሳልገባ ዜና እንዴት ላንብብ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ሰው የሚወደውን ጽሑፍ ራሱ መርጦ፣ በኮምፒውተሩ፣ ተረጋግቶ ማንበብ ይፈልጋል። እኔም በጣም የምወደው ጉዳይ ስለሆነ ዓምዱን ሙሉ ለሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ልጄ ላፕቶፕ ልኮልኛል። ዜና የማነበው በፌስቡክ ነው። ትናንት ያየሁትን ጽሑፍ ዛሬ ብፈልገው አላገኘውም። ከዜናው ይልቅ ከሥሩ ያለው ስድብ ይበዛል። የጎረቤቴ ልጅ ‹አርኤስኤስ የሚባል ነገር አለ፣ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል› አለኝ። ምንድን ነው? በእኔ ዕድሜስ ይቻላል?» ከደብረ ብርሃን

መምህር፣ በደንብ ይቻላል። ኢሜይል ከፍቶ የሚያነብ ሰው ይህም አያቅተውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ የዜናና የጽሑፍ ድረ ገጾች እርስዎ ከሚያዩት ገጽ ሌላ አንድ ትንሽ ፋይል አላቸው። ፊድ ይባላል። አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ርዕሱ፣ ሊንኩ፣ የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ አጭር ማጠቃለያው፣ አንዳንዴም ሙሉ ጽሑፉ እዚያ ፋይል ላይ ይጨመራል። አርኤስኤስ ማለት የዚህ ፋይል አጻጻፍ ደንብ ነው። ፊድ አንባቢ ደግሞ ኮምፒውተርዎ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው። የሰጡትን አድራሻዎች እየዞረ ያያል። አዲስ ነገር ካለ አምጥቶ ይደረድርልዎታል። ቤትዎን የሚያውቅ ጋዜጣ አዟሪ እንደማለት ነው፤ ያዘዙትን ብቻ በር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል።

ከፌስቡክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፌስቡክ ላይ ምን እንደሚቀድምና ምን ከዓይንዎ እንደሚሰወር የሚወስነው ድርጅቱ ነው። እዚህ ግን የሚወስነው የለም። መጨረሻ የወጣው ከላይ ይሆናል፣ የቆየው ከታች። ያላነበቡት ደመቅ ብሎ ይታያል። የትናንቱ ጽሑፍ ትናንት የነበረበት ቦታ ላይ አለ።

የታሪክ መምህር ስለሆኑ ትንሽ ታሪክ ልጨምርልዎ። የመጀመሪያውን አርኤስኤስ ያወጣው ኔትስኬፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት ሁለተኛው ዝርያ በ2002 ወጣ። በ2005 ደግሞ አተም የሚባል ተመሳሳይ ደንብ ጸደቀ። ልዩነታቸው ለእርስዎ አያስፈልግም፤ ማንኛውም ፊድ አንባቢ ሁለቱንም ያነባል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ደንብ ውስጥ፣ የገባውም በዚያው በ1999 ነው። ያ ባይሆን ኖሮ ዛሬ በአማርኛ ፊድ ማንበብ ባልቻልን ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ለጀማሪ የምመክረው ተንደርበርድን ነው። ነፃ ነው። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ዋና ሥራው ኢሜይል ቢሆንም ፊድ በደንብ ያነባል። ሲከፍቱት መጀመሪያ ኢሜይል ይጠይቅዎታል፤ ካልፈለጉ ይለፉት። «አካውንት ሴቲንግስ» ውስጥ ይግቡ፣ «አካውንት አክሽንስ» የሚለውን ይጫኑና «አድ ፊድ አካውንት» የሚለውን ይምረጡ። ስም ይስጡት፤ «ዜና» ቢሉት ይበቃል። ስሙ በግራ በኩል ብቅ ይላል። በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ሲጫኑት «ሰብስክራይብ» የሚል ያገኛሉ። ከዚያ የሚከፈተው መስኮት ውስጥ የፊዱን አድራሻ ፔስት አድርገው «አድ» ይበሉ። አለቀ።

አድራሻውን ከየት ላምጣ ይሉኛል። ለመሞከሪያ የቢቢሲ አማርኛን ይጠቀሙ። በእንግሊዝኛ ፊደል እንዲህ ይጻፋል፦ ፊድስ፣ ነጥብ፣ ቢቢሲአይ፣ ነጥብ፣ ሲኦ፣ ነጥብ፣ ዩኬ፣ ከዚያ ስላሽ፣ አምሃሪክ፣ እንደገና ስላሽ፣ አርኤስኤስ፣ ነጥብ፣ ኤክስኤምኤል። «ፊድስ» የሚለው መጨረሻው ላይ ኤስ እንዳለው አይርሱ።

ለሌሎች ጣቢያዎች ደግሞ ገጹ ግርጌ ላይ ብርቱካናማ ምልክት ይፈልጉ፤ አንዲት ነጥብና ከእሷ የሚወጡ ሁለት ቅስቶች ያሉት ነው። ከሌለ ተስፋ አይቁረጡ። ብዙ የአማርኛ ጣቢያዎችና ብሎጎች የተሠሩት በዎርድፕረስ ነው። ዎርድፕረስ ደግሞ ባለቤቱ ሳያዝዘውም ፊድ ያዘጋጃል። ከጣቢያው አድራሻ መጨረሻ ስላሽ አድርገው ኤፍ፣ ኢ፣ ኢ፣ ዲ ብለው ይሞክሩ። ያም ካልሆነ ብሮውዘሩ ላይ ኮንትሮልና ዩን አብረው ይጫኑ። የገጹ ኮድ ይከፈታል። በኮንትሮል ኤፍ «አርኤስኤስ» ብለው በእንግሊዝኛ ይፈልጉ። ፊድ ካለ አድራሻው ብዙ ጊዜ እዚያው መስመር ላይ ተጽፏል። ይህን የጎረቤትዎ ልጅ አንዴ ቢያሳይዎ ይበቃል።

በመጀመሪያው ቀን አራት አምስት ፊድ ብቻ ያስገቡ። ሠላሳ ያስገባ ሰው ጠዋት ሦስት መቶ ያልተነበበ ርዕስ ይጠብቀዋል፤ በሳምንቱ ፕሮግራሙን ይተወዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን አንድም ጊዜ ከፍተው ካላነበቡት ያለ ርኅራኄ ያስወጡት። ያልተነበበውን ሁሉ ደግሞ የማንበብ ግዴታ የለብዎትም። «ማርክ ኦል ሪድ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ይጫኑትና ወደ ጉዳይዎ ይሂዱ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልምከርዎ። ትልልቆቹን የዜና ተቋማት ብቻ አያስገቡ። እነሱን የትም ያገኟቸዋል። ፊድ የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ለሚጽፈው ሰው ነው። እኔ ጋ «ቤተሰብ» የሚል ፎልደር አለ። የእህቴ ልጅ ስለ ሽመና የምትጽፈው ብሎግ እዚያ ውስጥ ነው። በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ነው የምትጽፈው። ስለ ጥለት አወጣጥ፣ ስለ ድር አወጣጠር፣ ስለ አዛውንት ሸማኔዎች። ፌስቡክ ላይ ብትለጥፈው በአንድ ከሰዓት ተቀብሮ ይቀራል። እኔ ግን በጻፈች ዕለት ይደርሰኛል። እርስዎም ስለ ታሪክ በትጋት የሚጽፉ፣ ብዙ ተከታይ የሌላቸው ሰዎች ያውቁ ይሆናል። ከእነሱ ይጀምሩ።

«ጋሼ፣ ቢሮ ዋይፋይ አለ፣ ቤት ግን የስልኬን ዳታ ነው የማጋራው። ፓኬጄ ቶሎ ያልቃል። ፊድ አንባቢ ዳታ ይበላል?» የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከአዳማ

እህቴ፣ እንዲያውም ይቆጥብልሻል። አንድ የዜና ገጽ ስትከፍቺ ከጽሑፉ ጋር ፎቶው፣ ማስታወቂያው፣ ቪዲዮውና የመከታተያ ኮዱ ሁሉ ይወርዳል፤ ሁለት ሜጋባይትና ከዚያም በላይ ይሆናል። የፊዱ ፋይል ግን ጽሑፍ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በኪሎባይት ነው የሚቆጠረው። ያውም ፕሮግራሙ በየጊዜው ሙሉውን አያወርድም። በደንብ የተሠራ ጣቢያ ከሆነ ፕሮግራሙ «ካለፈው ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ከሌለ ሰርቨሩ፣ ማለትም ጣቢያው ያለበት ኮምፒውተር፣ «የለም» ብሎ ይመልሳል። በዚህ የሚሄደው ዳታ ኢምንት ነው።

ሁለት ነገር ግን አስተካክዪ። ተንደርበርድ ከሆነ የምትጠቀሚው፣ ፊዱን ስታስገቢ ከሥሩ «ሙሉ ገጹን ከመጫን ይልቅ ማጠቃለያውን አሳይ» የሚል ትርጉም ያለው ሣጥን አለ፤ ምልክት አድርጊበት። ይህቺን ሣጥን የዘለለ ሰው ርዕስ በነካ ቁጥር ድረ ገጹ ሙሉ ለሙሉ ይከፈትበታል፤ ያኔ ቁጠባው ሁሉ ገደል ገባ። ሁለተኛው፣ በየስንት ደቂቃው ይፈትሽ የሚለው ነው። በሰዓት አንዴ ከበቂ በላይ ነው። በየደቂቃው የሚፈትሽ ፕሮግራም ላንቺ ዜናውን አያፈጥንልሽም፣ የጣቢያውን ሰርቨር ግን ያስጨንቃል። አንዳንዶቹም እንዲህ ያለውን ደንበኛ ይዘጉበታል።

ቢሮ ዋይፋይ ካለሽማ ጥሩ ነው። ከሥራ ከመውጣትሽ በፊት ሁሉንም አፕዴት አድርጊና ላፕቶፑን ዝጊ። ማታ ያለ ኢንተርኔት ታነቢያለሽ። ይህ የሚሆነው ግን ሙሉ ጽሑፍ በፊዳቸው ለሚያወጡ ነው። ብዙ ብሎጎች ያወጣሉ። ቢቢሲ አማርኛን የመሳሰሉት ርዕስና አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚሰጡት፤ ለቀረው ገጹን መክፈት የግድ ነው። የቱ ሙሉ እንደሆነ በአንድ ቀን ትለዪዋለሽ። ሙሉ የሚሰጡትን «ለቤት» የሚል ፎልደር ውስጥ ሰብስቢያቸው።

«ሁሉም ዐረፍተ ነገር አራት ማዕዘን ሣጥን ሆኖ ነው የሚታየኝ።» ከባሕር ዳር

ፎንት ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኤብሪማ የሚባለው ፎንት ፊደላችንን ይዟል። ኒያላም ከሴቲንግ፣ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ከሚለው ሥር ይጨመራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባሉትን ነፃ ፎንቶች ማውረድም ይቻላል። ከዚያ ተንደርበርድ ውስጥ የፎንት ሴቲንግ ገብተህ «አድቫንስድ» በልና ከዝርዝሩ «ኢትዮፒክ» የሚለውን መርጠህ ያንን ፎንት ስጠው። ሣጥን ሳይሆን የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ችግሩ አንተ ጋ ላይሆን ይችላል። ጣቢያው ፊዱን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ በትክክል ባለማውጣቱ የሚመጣ ችግር ነውና ለባለቤቱ ጻፍለት።

«የፀሐይ ኃይል ዕቃ እገጥማለሁ። ከሚመጣው ዜና ሁሉ ስለ ፀሐይ ኃይል የሚያወራውን ብቻ ለይቶ ቢያሳየኝ እወዳለሁ። ማጣሪያ ብሠራም ግማሹን ሳያሳየኝ ያልፋል።» ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅኸኝ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው። ፕሮግራሙ ድምፅ አይሰማም፣ ፊደል ነው የሚያየው። ለእኛ «ፀሐይ»ም «ጸሀይ»ም ያው ናት። ለእሱ ሁለት የማይገናኙ ቃላት ናቸው። አንዱ ጋዜጠኛ በፀሐዩ «ፀ» ይጽፋል፣ ሌላው በጸሎቱ «ጸ»። «ሐ»ውን ደግሞ አንዱ «ሀ» ያደርገዋል፣ አንዱ «ሃ»። ስለዚህ ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ፀሃይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ፣ ጸሃይ ብለህ ስድስቱንም ማስገባት አለብህ። ለኃይልም እንዲሁ፦ ኃይል፣ ሃይል፣ ሀይል፣ ሐይል።

አቋራጭ ፍለጋ «ይል» ብቻ ብለህ እንዳታስገባ። ሞባይል፣ ሚሳይልና ኢሜይል ተከታትለው ይመጡብሃል።

ተንደርበርድ ላይ «ቱልስ» ከሚለው ሜኑ «መሴጅ ፊልተርስ» ግባ። ከላይ የፊድ አካውንትህን ምረጥ። «ከሚከተሉት አንዱን እንኳ የሚያሟላ» የሚል ትርጉም ያለውን ምርጫ ያዝ፤ «ሁሉንም» የሚለውን ከያዝክ ስድስቱም አጻጻፍ አንድ ርዕስ ላይ ካልተገኙ ምንም አያሳይህም። እያንዳንዱን አጻጻፍ በየመስመሩ «ርዕሱ ይህን የያዘ» በሚለው ሥር ጻፍ። «የያዘ» ማለትህ ይጠቅምሃል፤ የፀሐይ፣ በፀሐይ፣ ከፀሐይ የሚሉትን አብሮ ይይዝልሃል። «ርዕሱ ይህ የሆነ» ካልክ ግን ርዕሱ ያቺ አንዲት ቃል ብቻ ካልሆነች አያገኘውም።

ማጣሪያው ደግሞ እንዲደመስስ አታድርገው። ኮከብ እንዲያደርግበት ወይም ቀለም እንዲቀባው እዘዘው። «የኤሌክትሪክ አማራጭ ለገጠር» የሚል ርዕስ ያለው፣ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ርዕሱ ላይ የማይጠቅስ ጥሩ ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። ማጣሪያው ያልያዘውን አንተ በዓይንህ ታገኘዋለህ።

«እናቴ መዝሙር ልትሰማ ዩቲዩብ ትከፍታለች። ከዚያ ጎን ላይ የሚመጣው አስፈሪ ርዕስ ሁሉ ይስባታል፣ እንቅልፍ አጥታ ታድራለች። የምትወዳቸውን ቻናሎች ብቻ የምታይበት መንገድ አለ? ማክ ነው ያላት።» ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እግዜር ይስጥሽ፣ ለእናትሽ ማሰብሽ መልካም ነው። እያንዳንዱ የዩቲዩብ ቻናል ፊድ አለው፤ የመጨረሻዎቹን 15 ቪዲዮዎች ይይዛል። ለማክ ኔትኒውስዋየር የሚባለውን ጫኚላት። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ፣ አሁን ፍጹም ነፃ የሆነ፣ ማስታወቂያ የሌለበት ፕሮግራም ነው። የቻናሉን ገጽ አድራሻ ኮፒ አድርገሽ ስትሰጪው ፊዱን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። አንቺ ከቤትሽ ሆነሽ አምስት ስድስት ቻናል አስገቢላትና «መዝሙር» የሚል ፎልደር ውስጥ አድርጊላት። እሷ አዲስ የወጣውን ብቻ ታያለች።

ቪዲዮውን ስትጫን ግን ዩቲዩብ ላይ ነው የሚከፈተው፤ ያ ጎን ላይ ያለው ዝርዝር እዚያም ይጠብቃታል። ቢያንስ ተከታዩ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር «አውቶፕሌይ» የሚለውን አጥፊላት። ስልኳ አይፎን ከሆነ ኔትኒውስዋየር ለእሱም አለ፤ አይክላውድ በሚባለው የአፕል አገልግሎት በኩል ሁለቱ አንድ ዓይነት ዝርዝር ይኖራቸዋል።

«የቴሌግራም ቻናሎችንስ?» ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ

ቴሌግራም ራሱ ፊድ አያወጣም። በሦስተኛ ወገን በኩል የሚለውጡ መንገዶች አሉ፤ ዛሬ ይሠራሉ ነገ ይቆማሉ፣ ለጀማሪ አልመክርም። የምትከታተለው ሚዲያ ድረ ገጽም ካለው የድረ ገጹን ፊድ አስገባ። ብዙዎቹ አላቸው።

«ሱቅ ውስጥ ስለምውል ኮምፒውተሬን የምከፍተው እሑድ ብቻ ነው። የሳምንቱ ዜና ግን ተቆርጦ ነው የሚመጣልኝ። ለምን?» ነጋዴ፣ ከድሬዳዋ

ፊድ መዝገብ ቤት ስላልሆነ ነው። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ጽሑፎች ብቻ ይይዛል። ዎርድፕረስ ባለቤቱ ካልቀየረው በቀር 10 ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ጣቢያው በቀን 20 ዜና የሚያወጣ ከሆነ የጠዋቱ ማታ ከፊዱ ወጥቷል። የእርስዎ ፕሮግራም ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ይተኛል፤ እሑድ ሲነቃ የሚያገኘው ያኔ ፊዱ ላይ ያለውን ነው።

ለእርስዎ የሚሻለው ኢንተርኔት ላይ ሆኖ ሌት ተቀን የሚሰበስብ አገልግሎት ነው፤ ፊድሊ ወይም ኢኖሪደር። ሁለቱም ለመጀመር ነፃ ናቸው። ንባቡን ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ፕሮግራም ማድረግ ከወደዱ አርኤስኤስ ጋርድ የሚባለው ከእነሱ ጋር እንዲገናኝ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ነፃው አካውንት ይህን ይፈቅድ እንደሆነ ግን አስቀድመው ይመልከቱ። ከፈቀደ፣ እሑድ ሲከፍቱት እነሱ ያጠራቀሙትን ያመጣልዎታል። የሚከታተሉት አልፎ አልፎ የሚጽፉ ሰዎችን ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ፊዱ 10 ጽሑፍ የሚይዝ ከሆነ በሳምንት አንዴ የሚጽፍ ሰው ጽሑፍ በዘጠኝ ሳምንትም ከፊዱ አይወጣም።

«ኮምፒውተሬ ቢሰረቅ ወይም ቢበላሽ ዝርዝሬ ሁሉ ይጠፋል ማለት ነው?» ከመቀሌ

ካልያዝከው አዎ። መያዙ ግን ቀላል ነው። እያንዳንዱ ደህና ፊድ አንባቢ «ኤክስፖርት» የሚል ትእዛዝ አለው፤ ተንደርበርድ ላይ አድራሻ የምትጨምርበት መስኮት ግርጌ ላይ ነው ያለው። ኦፒኤምኤል የሚባል አንድ ትንሽ ፋይል ይሰጥሃል። የፊዶችህ አድራሻና ፎልደሮችህ በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። በኢሜይል ለራስህ ላከው ወይም ፍላሽ ላይ አስቀምጠው።

ይህ ፋይል ከሌላ ነገርም ያድንሃል። ጎግል ሪደር የሚባል አገልግሎት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ብዙ ሕዝብ ይገለገልበት ነበር። ጎግል እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2013 ዘጋው። ቀድመው ዝርዝራቸውን አውርደው የያዙ ሰዎች በዚያው ቀን ሌላ ፕሮግራም ውስጥ አስገብተው ማንበባቸውን ቀጠሉ። ያ የሆነው ኦፒኤምኤልን ሁሉም ፕሮግራም ስለሚያነበው ነው። ከተንደርበርድ አውጥተህ ኔትኒውስዋየር ውስጥ ታስገባዋለህ፣ ከዚያ አውጥተህ ፊድሊ ውስጥ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ፋይሉ የያዘው አድራሻዎቹን ነው እንጂ ጽሑፎቹን አይደለም። ልታስቀምጠው የምትፈልገው ጽሑፍ ካለ ለብቻው በፒዲኤፍ ያዘው። አዲስ ፊድ በጨመርክ ቁጥርም እንደገና ኤክስፖርት አድርግ፤ ፋይሉን ስትሰይመው ቀኑን አብረህ ጻፍበት፣ የቱ የመጨረሻው እንደሆነ አይጠፋህም።